ስላይዱ ላይ የሌለውን ሰው ጠይቁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው የአንዲት የምክር ቤት አባል ረዳት ሆኜ ነው። አለቃዬ የጤና ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ በቅርቡ ተመድበዋል። ኮሚቴው የሚከታተለው አንድ የጤና ፕሮግራም አለ። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን የግል ድርጅት ነው። ባለፈው ስብሰባ ድርጅቱ ያማረ ስላይድ ይዞ መጣ። «ይህን ያህል ሕዝብ አገለገልን» አለ፤ ተጨብጭቦ ተለያየን። ውሉን ስንጠይቅ «የንግድ ምስጢር ነው» አሉን። ሚኒስቴሩ ደግሞ «ድርጅቱን ጠይቁ» አለን። በቅርቡ እንደገና ይቀርባሉ። ምን ብለን እንጠይቃቸው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ ሁለቱን አትለያዩአቸው። ሚኒስቴሩና ድርጅቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። ለየብቻ ከጠራችኋቸው አንዱ በሌላው ሲያላክክ ዓመቱ ያልቃል። በጀቱን ከምክር ቤቱ የተቀበለው ሚኒስቴሩ ስለሆነ ቀድሞ የሚመልሰውም እሱ ነው።

የንግድ ምስጢር የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። የድርጅቱ የሶፍትዌር ኮድ ምስጢር ሊሆን ይችላል። መንግሥት ምን ገዛ፣ በስንት ገዛ፣ ሥራው ባይሠራ ምን ይደረጋል የሚለው ግን ከምክር ቤት ሊደበቅ አይገባም። በጣም ካስጨነቃቸው በዝግ ስብሰባ ያሳዩአችሁ። ስትጠይቁም «ሰነዶቹን አምጡ» አትበሉ፤ ገጹን ለይታችሁ ጥቀሱ። እኔ ኦዲት ላይ ሳለሁ አንድ ድርጅት አንድ ሠንጠረዥ ብንጠይቀው በካርቶን የታሸገ ወረቀት ጭኖ መጣ። ስናገላብጥ ዋልን። ሠንጠረዡ የለም!

ውሉ እጃችሁ ሲገባ ዓላማና ግብ የሚለውን ዝለሉት። እሱ ሁሌም ያምራል። በቀጥታ ክፍያ ወደሚለው ክፍል ሂዱ፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምንድን ነው? እንግሊዝ በፈረንጆቹ 2020 የኮቪድ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች በስልክ የማፈላለጉን ሥራ ለግል ድርጅቶች ሰጥታ ነበር። የአገሪቱ የኦዲት ቢሮ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያወጣው ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ ደዋዮቹ ከተከፈለበት ጊዜያቸው ሥራ ላይ ያዋሉት 1 በመቶውን ብቻ ነበር። ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም። የተገዛው ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው እንጂ የተደወለ ስልክ አልነበረም። በ2021 ደግሞ የፓርላማው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ለጠቅላላው የኮቪድ ምርመራና ንክኪ የማፈላለግ ፕሮግራም በ2 ዓመት 37 ቢሊዮን ፓውንድ መመደቡን ጠቅሶ፣ ለውጥ ስለማምጣቱ ግልጽ ማስረጃ አላየሁም አለ። (ከዚያ ገንዘብ አብዛኛው ለምርመራ የተያዘ ነበር። ሁሉም ለደዋዮች ሄደ የሚላችሁ ካለ አትመኑት።)

አሁን ወደ ስላይዱ ልመለስ። «ስንት ሰው አገለገላችሁ?» ድርጅቶች የሚወዱት ጥያቄ ነው። እናንተ «ስንቱን ከለከላችሁ?» በሉ። በተለይ ክፍያው በተመዘገበ ሰው ቁጥር ተቆርጦ የሚሰጥ ከሆነ ይህን ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። እንዲህ ባለ ውል ለታካሚ ያልወጣ ገንዘብ ኪስ ውስጥ ይቀራል፤ መከልከል ያዋጣል ማለት ነው። ሁሉም ድርጅት እንዲህ ያደርጋል አልልም። ፈተናው ግን ውሉ ውስጥ አለ።

አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬይድ የሚባለውን የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሕክምና ሽፋን በአብዛኛው የሚያስተዳድሩት እንዲህ የሚከፈላቸው ድርጅቶች ናቸው። የፌዴራል ጤና መሥሪያ ቤቱ ዋና ተቆጣጣሪ በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2019 ድርጅቶቹ ለሕክምና ቅድመ ፈቃድ ከቀረቡላቸው 8 ጥያቄዎች አንዱን ከልክለዋል። ከታዩት 115 ድርጅቶች 12ቱ ደግሞ ከሩብ በላይ ውድቅ አድርገዋል። እኔን የገረመኝ ሌላው ግኝት ነው። አብዛኞቹ የክልል መንግሥታት ክልከላው ተገቢ መሆን አለመሆኑን ናሙና ወስደው በየጊዜው አያዩም ነበር። ይግባኝ ያለውም ታካሚ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ቅሬታ አልደረሰንም» ቢሏችሁ እፎይ አትበሉ። የታመመ ሰው ማመልከቻ ሲጽፍ አይውልም። የተከለከሉ ፋይሎችን ናሙና ጠይቁ፤ ስም ይሸፈን፣ ናሙናውን ግን ድርጅቱ አይምረጥ።

ሁለት ነገር ባጭሩ ልጨምር። ዋና ኦዲተሩ የድርጅቱንም ሆነ የንዑስ ተቋራጮቹን መዝገብ ማየት እንደሚችል ውሉ ላይ ተጽፏል? ውሉ ሲያልቅስ የታካሚዎቹ መረጃ ለማን ይቀራል? የኋለኛው ካልተጻፈ ድርጅቱን መቀየር እዳ ነው። አዲሱ ድርጅት ባዶ ኮምፒውተር ይረከባል።

ከአለቆቹ በፊት መስኩ ላይ ያሉትን ነርሶችና የመዝገብ ሠራተኞች ብትሰሙ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይወለዳል። በስብሰባው ላይ «በጽሑፍ እንልካለን» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ቀኑን እዚያው አስነግሯቸው፤ ቃለ ጉባኤው ላይም ይግባ።