ያኛው ቅጂ አለ አይደል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ድምፃዊት ጥያቄ ጠየቀችኝ። ቀረጻ ጨርሰን ኬብል እየጠቀለልኩ ነበር። «ጋሼ፣ ፕሮዲውሰሬ ከፍ ባለ ኪይ፣ በቀጭን ድምፅ ካልዘፈንሽው አይሸጥም እያለኝ ነው። እኔ ደግሞ እዚያ ላይ ስወጣ ድምፁ የእኔ አይመስለኝም። ግን ባለሙያው እሱ ነው። ዝም ልበል እንዴ?»

ወዲያው አልመለስኩላትም። «እስቲ ላስብበት» ብያት ተለያየን። ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ልጅ ይህንኑ ጠይቃኛለች። ያኔ የሰጠኋት መልስ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሷ ብቻ አይደለም። የራሳችሁን ዘፈን ይዛችሁ የሰው ስቱዲዮ ለምታንኳኩ ሁሉ ነው።

ያኔ የምንቀዳው በቴፕ ነው። 2 ኢንች ስፋት ያለው፣ 24 ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ የሚቀዳ የድምፅ መስመር፣ የሚይዝ ከባድ ጥቅል። በፈጣኑ ፍጥነት ሲሽከረከር አንዱ ጥቅል 16 ደቂቃ ያህል ነው የሚቀዳው። አራት ዘፈን ከገባበት ትልቅ ነገር ነው። ቴፕ ውድ ስለነበረ፣ ያልተፈለገ ቅጂ ላይ ደርቦ መቅዳት የተለመደ ነበር። ዛሬ ብትሳሳቱ ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ይመልስላችኋል። ያኔ ቀዩን ቁልፍ ከተጫንክ፣ ከሥሩ የነበረው ድምፅ የለም። አለቀ።

ልጅቷ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ሻከር የሚል ነበር። ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ነው የሠራችው። ዘፈኑ ስለ ታላቅ እህቷ ነው። ሌሊት ስትሄድ፣ እንዳታለቅስባት ብላ ሳትቀሰቅሳት ስለሄደች እህት። መሣሪያ መጫወት አትችልም ነበርና ዘፈኑን ያሰማችኝ ሁለት ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እየመታች ነው። ጠ...ጠ፣ ጠ...ጠ። የሰው እርምጃ ይመስላል። ቀስ ብሎ፣ በር እንዳይንኳኳ ተጠንቅቆ የሚሄድ ሰው እርምጃ።

በአንድ ጊታር ብቻ ቀዳናት። ሁለተኛው ሙከራ ላይ መጨረሻው ስንኝ ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራት። የመጨረሻዋን ቃል አልዘፈነቻትም፤ ተናገረቻት። ጊታሪስቱ እጁን ገመዶቹ ላይ እንዳደረገ ቀረ። እኔም ማሽኑን ማቆም ረሳሁ። ቴፑ ባዶውን ለረጅም ጊዜ ተሽከረከረ። ብዙ ሺህ ሰዓት ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያለ ግን ብዙ አልገጠመኝም።

በማግስቱ ያስፈረሟት ሰውዬ መጡና ሰሙ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ቆንጆ ነው» አሉ። «ግን በዚህ ማን ይጨፍራል?» ፍጥነቱ በደቂቃ ከ84 ምት ወደ 108 እንዲወጣ፣ ኪዩ ከፍ እንዲል፣ ድምፅዋ «ፈካ» እንዲል አዘዙ። ልጅቷ አልተከራከረችም። ዞር ብላ እኔን አየችኝ። «አንተስ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ክፍሉ ውስጥ ያንን ቅጂ በእጁ የቀዳ፣ ምን እንደሆነም ያወቀ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀጣዩ ሥራዬ የሚመጣው ደግሞ ከሰውዬው ነበር። «እሳቸው ገበያውን ያውቁታል» አልኳት። ሦስት ቃል ናት። እሷም ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቀረጻው ክፍል ገባች።

አዲስ ጥቅል እንዳላወጣ ተነግሮኛል። «በዚያው ላይ ቅዳ» ነው የተባልኩት። ልጀምር ስል በመስታወቱ አየችኝና በማይክሮፎኑ «ያኛው ቅጂ አለ አይደል?» አለች። ጣቴ ቀዩ ቁልፍ ላይ ነበር። «አለ» አልኳት።

ከዚያ ተጫንኩት።

ያስተማሩኝ አሮጌ ቴክኒሻን ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የቴፕ ሳጥን ላይ በእርሳስ ይጽፉ ነበር። ቀኑን፣ የዘፋኙን ስም፣ ስንተኛ ሙከራ እንደሆነ። ጥሩ ነው ያሉትን ደግሞ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰምሩበታል። የተሰመረበት ሳጥን ላይ ማንም ደርቦ አይቀዳም፤ ባለቤቱም ቢሆን መጀመሪያ እሳቸውን ይጠይቃል። የሚገርመኝ፣ በዚያ ዕለት ጠዋት እኔም በዚያች ልጅ ሳጥን ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬ ነበር። አስምሬ ነው ያጠፋሁት። አዲስ ጥቅል መጠየቅ እችል ነበር። ከደመወዜ ይቆረጥ ማለት እችል ነበር።

ሰውዬው ስለ ገበያው አልተሳሳቱም። ዘፈኑ ወጣ፤ ሰው ወደደው፤ በየሠርጉ ተጨፈረበት። እሷ ግን በየመድረኩ በማይመቻት ከፍታ እየጮኸች መዝፈን ነበረባት። አንድ ምሽት ከጎን ሆኜ አየኋት። ከፍተኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ዘረጋች። ሕዝቡ ደስ ብሎት ዘፈነ። እኔ ግን የአንገቷን ጅማት ቀረጻው ላይ አይቼዋለሁና ለምን እንደዘረጋችው ገባኝ። በኋላ ያንን ዘፈን መዝፈን አቆመች። የሦስት አልበም ውል ስለነበራት ሌሎቹንም በዚያው መንገድ ሠርታ ጨረሰች። ኮንትራቱን ያነበበችው ከፈረመች በኋላ ነው።

ኮንትራት አንብቡ ብዬ አላሰለቻችሁም። እሱን ታውቁታላችሁ። እንዲያውም ከእኛ ትሻላላችሁ። በእኛ ጊዜ «ልውሰደውና ላንብበው» ያለ ሰው፣ አላመነንም ተብሎ ይቀየሙት ነበር። የማትለዩት ግን ሌላ ነገር አለ። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። ግጥሙና ዜማው አንድ ነው። የተቀዳው ድምፅ ሌላ ነው፤ ማስተር የሚባለው እሱ ነው። ግጥሙ የእናንተ ሆኖ ማስተሩ የኩባንያው ሊሆን ይችላል። ቅድመ ክፍያም ስጦታ አይደለም። ከድርሻችሁ ይቀነሳል። የስቱዲዮው ወጪ፣ ብዙ ጊዜም የቪዲዮው፣ አብሮ ይቀነሳል። ያ ሁሉ ተቀንሶ ቢያልቅ እንኳ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ ማስተሩ የኩባንያው እንደሆነ ይቀጥላል። ቤቱን ከፍላችሁ ጨርሳችሁ ካርታው በሌላ ሰው ስም ነው እንደ ማለት ነው።

ቴይለር ስዊፍት የደረሰባትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በፈረንጆቹ 2019 የመጀመሪያ ስድስት አልበሞቿን ማስተር የያዘው ኩባንያ ለሌላ ሰው ተሸጠ። የዘፈኖቹ ደራሲ ግን ራሷ ነበረች። ለዚህ ነው ከ2021 እስከ 2023 አራቱን አልበሞች እንደ አዲስ ቀድታ ማውጣት የቻለችው። በ2025 ደግሞ የድሮዎቹን ማስተሮች ገዝታ አስመለሰች። እሷ ገንዘብ ነበራት ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። አሜሪካዊቷን ዘፋኝ ጆጆን እዩ እንግዲህ። ውል ስትፈርም 12 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያ ሁለት አልበሞቿ ስትሪሚንግ ላይ ስላልነበሩ፣ በ2018 ሁለቱንም እንደገና ዘፍና አወጣቻቸው። በልጅነቷ የዘፈነችውን ትልቅ ሴት ሆና።

ድጋሚ ለመቅዳት ግን ውሉ የሚያስቀምጠው ገደብ አለ። የተለመደው ዘፈኑ ከወጣ 5 ዓመት፣ ወይም ውሉ ካለቀ 2 ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው ነው። ከስዊፍት በኋላ ኩባንያዎች ይህን ወደ 10 እና 15 ዓመት ለመሳብ መሞከራቸው ተዘግቧል። ስለዚህ ያችን አንቀጽ ፈልጓት። ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ናት፤ በአጭር አረፍተ ነገር።

ስለ ሬይም ልንገራችሁ፤ እንግሊዛዊቷን ዘፋኝ ማለቴ ነው። በ2014 ከትልቅ ኩባንያ ጋር የአራት አልበም ውል ፈረመች። እስከ 2021 አንድም ሙሉ አልበም አልወጣላትም። እስኪፈቀድላት ለሌሎች ዘፋኞች ትጽፍ ነበር። በመጨረሻ ምሬቷን በአደባባይ ተናገረች፤ ከወር ገደማ በኋላ ከኩባንያው ተለያየች። አልበሟን በራሷ በ2023 አወጣች። በ2024 በእንግሊዝ የሙዚቃ ሽልማት፣ በብሪት፣ በአንድ ሌሊት 6 ሽልማት ወሰደች፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረገ አልነበረም። ይህን ሰምታችሁ ነገ ኮንትራታችሁን እንዳትቀዳድዱት። እነዚያ ሰባት ዓመታት ሲያቃጥሏት ብዕሯንም ስለውላታል። የእኔዋም ልጅ ያ ሰውዬ ገንዘብ ባያወጡላት ማን ይሰማት ነበር? አላውቅም። አንዳንዴ ኩባንያ ጠላት ነው ብዬ ጀምሬ፣ ሳልጨርስ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

አንድ የምታሳዝኑኝ ነገር አለ፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። ዘፈኑ ሳይበስል 15 ሰከንዷን ቆርጣችሁ ትለቃላችሁ። ሰው ካልወደዳት ዘፈኑን ትጥሉታላችሁ፤ ከወደዳት የቀረውን እሷን እንዲመስል ታደርጉታላችሁ። ከአለቃ አምልጣችሁ ለላይክ ትገዛላችሁ። ያኔ ኪዩን የቀየሩት አንድ ሰው ነበሩ፤ ቢያንስ ፊታቸውን እናይ ነበር።

ጃኔት ጃክሰን በ1986 አልበም ስታወጣ 19 ዓመቷ ነበር። አባቷን ከማናጀርነት አንስታ ፕሮዲውሰሮቹ ጂሚ ጃምና ቴሪ ሉዊስ ዘንድ ሄደች። ሰዎቹ መጀመሪያ ቀረጻ አልጀመሩም። ቀናት ወስደው አዋሯት፤ አብረዋት ወጡ፤ ሕይወቷን ሰሙ። በኋላ ያወራችው ነገር ዘፈን ሆኖ መጣ። ይህን ታሪክ ያነበብኩት ያቺን ልጅ ከቀዳሁ ከዓመታት በኋላ ነው። «አንተስ ምን ትላለህ?» ስትለኝ «አንቺስ?» ብላት ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

ልጅቷ ከስምንት ዓመት በኋላ መጣች። የራሴን ትንሽ ስቱዲዮ ከፍቼ ነበር። ቀኑን በማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ይዛዋለች፤ ድጋሚ የመቅጃው ገደብ ያለቀው ባለፈው ሐሙስ ነው። ያጠራቀመችው ገንዘብ አንድ ዘፈን ያስቀዳል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «መጀመሪያ ያኛውን አሰማኝ» አለችኝ። «መብቱ የእነሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ላወጣው አይደለም። እንዴት እንደዘፈንኩት ስለረሳሁ ነው። አንዴ ልስማው።»

ነገርኳት። አልዋሸሁም፤ ሌላ ሰው ላይም አላሳበብኩም። የቦርሳዋን ዚፕ እየከፈተች እየዘጋች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ስምንት ዓመት ሙሉ አለ ብዬ ነው የኖርኩት» አለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። እሺም እንቢም አላለችኝም።

ከዚያ ሁለት ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። እኔ ከማስታውሰው ይዘገያል። ወደ 76 ምት ቢሆን ነው። ድምፅዋም ወርዷል፤ ኪዩን ከመጀመሪያውም ዝቅ አደረግነው። ያችን የመጨረሻ ቃል ጠበቅኋት። ትናገራታለች ብዬ ነበር፤ ዘፈነቻት። ረጅም አድርጋ፣ እስከ ትንፋሿ ጫፍ ድረስ። ያ ቅጂ እንደ መጀመሪያው አልተሸጠም። አሁንም መድረክ ስትወጣ የምትጀምረው በእሱ ነው። ስትወጣ ፋይሉን በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጣ፣ ሁለቱንም ራሷ ይዛ ሄደች። ለእኔ አልተወችልኝም። አልጠየቅኋትምም።

እንግዲህ ልጄ፣ «ዝም ልበል እንዴ?» ላልሽኝ፤ አትበይ። የፕሮዲውሰርሽንም ኪይ ሞክሪው፤ ያልሰማሽው ነገር ሰምቶ ይሆናል። የራስሽንም በዚያው ቀን፣ ድምፅሽ ሳይደክም፣ በሙሉ ቅዱት። ሁለቱን አስቀምጠሽ በማግስቱ ስሚያቸው። ከቻልሽ እኔም አብሬሽ ልስማ፤ የማስበውን ከእሱ ፊት እነግርሻለሁ። ሰኞ ስትመጪ ኮንትራቱን ይዘሽ ነይ። ስልክሽ ላይ ያለውን፣ መጀመሪያ ያሰማሽኝን ቅጂ ደግሞ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጪው።