ማስ ቅዳሴም ነው

ሰሞኑን የጎረቤታችን ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለች። «ጋሼ፣ በቀን ስንት የእንግሊዝኛ ቃል ብሸመድድ ይበቃኛል?» አለችኝ። ደብተሩን ገለጥኩት። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው ተደርድሯል። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ፍቺ። ጽሕፈቷ ያምራል። «ማስ» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ሌላ ልጅ ትዝ አለኝና መልሱ ጠፋብኝ።

ጎጃም ውስጥ ነው፣ በደርግ ዘመን። ያኔ ሳይንስና ሒሳብ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነበር የምንማረው። ዴስክ የምንጋራው ልጅ ዲያቆን ነው። ከቆሎ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ አስኳላ የመጣው ዘግይቶ ስለሆነ በዕድሜ ይበልጠናል። ቅኔ ይዘርፋል። አንዴ የሰማው ነገር አይጠፋውም። ከዘመድ የተዋሳት ሽፋኗ የተገነጠለ ትንሽ መዝገበ ቃላት ነበረችው። ማታ በኩራዝ እያነበበ ለነገ የሚያስፈልገውን ቃል ሁሉ ፈልጎ ይመጣል። እኔ ጠዋት ከእሱ እገለብጣለሁ። ያን ጊዜ ኩራዝ ዓይን ያጠፋል ይባል ነበር፤ የእሱ ዓይን ግን ሁልጊዜ ንቁ ነው።

አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን «ማስ ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ዝም አልን። እሱ ተነሳ። «ቅዳሴ ነው፣ ቲቸር» አለ።

መምህሩ ሳቀ። «እስቲ ቅዳሴውን በሚዛን ለካልን!» አለው። እሱ የጠየቀው የፊዚክሱን ማስ፣ አንድ ነገር የያዘውን የቁስ መጠን ነበር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ቀርቶ «ቄሱ» ተባለ። እጁን ማውጣት ተወ። መዝገበ ቃላቷንም ይዞ መምጣት አቆመ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አልተመለሰም።

አገሩ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ሄጄ አለመፈለጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እኔ ራሴ የፊዚክስ መምህር ከሆንኩ በኋላ ልነግረው የምፈልገው ነገር ነበረኝ። አልተሳሳትክም ልለው። የካቶሊኮች ቅዳሴ በእንግሊዝኛ ማስ ይባላል። ስሙ ካህኑ በላቲን ሕዝቡን ሲያሰናብት «ሚሳ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የፊዚክሱ ማስ ምንጭ ግን ግሪክኛው «ማዛ» ነው፤ የገብስ ቂጣ፣ ድብልብል ሊጥ ማለት። ሁለቱ አይዛመዱም። ስም ብቻ የተጋሩ ሞክሼዎች ናቸው። ይህን ለእሱ ማስረዳት ምን ያህል ቀላል ነበር! ሰምና ወርቅ ሲለይ ያደገ ልጅ አንድ ቃል ሁለት ነገር በመያዙ አይደናገርም። የጎደለው አንድ ማብራሪያ ነው፤ የተሰጠው ሳቅ ነው።

አንዳንዱ ቃል ደግሞ ሞክሼ ሳይሆን ዘመድ ነው። ሴልን ውሰዱ። በላቲን ትንሽ ክፍል ማለት ነው። የመነኩሴ በአት ሴል ነው። እስረኛ የሚዘጋበትም ሴል ነው። በ1665 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራው ሮበርት ሁክ ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ጥቃቅን ክፍሎች እንደታዩት ጻፈ፤ ስማቸውንም ሴል አለ። ባዮሎጂ ላይ ሕዋስ የምትሉት ከዚያ የመጣ ነው። ሴል ፎንም የተባለው ኔትወርኩ አገሩን በትንንሽ ክልል ከፋፍሎ ስለሚሠራ ነው። «ትንሽ ክፍል» የምትለዋን ከያዛችሁ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ሲያከራክረኝ የኖረው ግን ወርክ ነው። ኮሪዮሊስ የተባለ ፈረንሳዊ በ1829 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ኃይል በርቀት ተባዝቶ የሚገኘውን መጠን በአገሩ ቋንቋ «ሥራ» ብሎ ጠራው። ስለዚህ እንስራ አዝላ ዝም ብላ የቆመች ሴት፣ የተጓዘችው ርቀት ስለሌለ፣ በፊዚክስ ቋንቋ ወርክ አልሠራችም። ተማሪዎቼ ይቆጡ ነበር። እናቶቻቸውን ያውቃሉ፣ እንዴት አይቆጡ! ያንን ቁጣ እወደው ነበር። የተቆጣበትን ቃል የሚረሳ ተማሪ አላየሁም።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፣ ይህን አልክድም። ግን ስልካችሁ መጀመሪያ ያመጣውን ፍቺ ወስዳችሁ ትዘጋላችሁ። የዲያቆኑ መዝገበ ቃላት ትንሽ ነበረች፤ እናንተ ግን ወደ ታች ብታወርዱት አምስት ስድስት ፍቺ አለላችሁ። ቻርጅ ሲባል የሚታያችሁ ስልክ ብቻ ነው። ፊዚክስ ላይ የኤሌክትሮን ጠባይ ነው፤ ፍርድ ቤት ክስ ነው፤ ሆቴል ቤት የምትከፍሉት ሒሳብ ነው።

ሽምደዳ አልወድም። ቢሆንም እኔም እንግሊዝኛን የያዝኩት በሽምደዳ ነው፣ ስለዚህ አትሸምድዱ ለማለት አፌ አይደፍርም። ሸምድዱ፣ ግን ቃሉን ብቻውን አትያዙ። ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉት፤ በየትኛው ትምህርት ላይ እንዳገኛችሁትም አጠገቡ ጻፉ። ፓወር ሒሳብ ላይ ሲመጣ 2 ፓወር 3 ስምንት ነው። ፊዚክስ ላይ በዋት ይለካል። ታሪክ ላይ ሥልጣን ነው። አማርኛችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በተለምዶ ፎርስንም፣ ፓወርንም፣ ኢነርጂንም «ኃይል» እንላለን። ቀኝ በኩል «ኃይል» ብሎ ብቻ የጻፈ ልጅ ሦስቱን ያምታታቸዋል። ፈተና ሳርም ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አድርጎታል። ልጁ ሳይንሱንና ቋንቋውን በአንድ ጊዜ ይሸከማል። መምህራን ይህችን አስቡልኝ፤ አንድ ልጅ የተሳሳተ የሚመስል ፍቺ ሲሰጥ መጀመሪያ ከየት እንዳገኘው ጠይቁት።

ኬሚስትሪ የጀመራችሁ ደግሞ ሞል ሲመጣ ግር አይበላችሁ። ገላ ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጥብም፣ ፍልፈልም በእንግሊዝኛ ሞል ይባላሉ። የኬሚስትሪው ከሁለቱም አይወለድም፤ ሞለኪውል ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ያጠረ ነው። እሱን ከለያችሁ በኋላ በአንድ ሞል ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች ቁጥር ያዙ፦ 6.02 ሲባዛ 10 ፓወር 23።