ለጁኒየር አካውንታንት ኢንተርቪው ምን ላንብብ ላልሽው

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ፣ በዚህ ሰዓት መጠራቱ ራሱ ቀላል አይደለም። ገና ተመርቄ ልምድ ሳይኖረኝ ለጁኒየር አካውንታንት ተጠራሁ፣ ሀሙስ ነው፣ ምን ላንብብ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔ አዲስ አበባ አንድ አስመጪ ድርጅት ፋይናንስ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሰው ሲቀጠርም ከጠያቂዎቹ አንዷ ነኝ፣ ስለዚህ ከዛ ወንበር የሚታየኝን ልንገርሽ።

የካምፓስ ሀንድአውት ሁሉ ማገላበጥ አያስፈልግሽም። ልምድ የሌለው ሰው ላይ የምናየው ወረቀትና ካልኩሌተር ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ ነው። አብዛኛው ልጅ ስለራስሽ ንገሪን ሲባል ከዩቲዩብ የሸመደደውን እንግሊዝኛ ይለቅብናል፣ ታታሪ ነኝ በቡድን መስራት እወዳለሁ ምናምን፣ ከዛ ፔይሮል (የሰራተኛ ደሞዝ ስሌት) ስሪልን ሲባል ዝም። ያሳዝነኛል ምክንያቱም አብዛኞቹ ጎበዝ ልጆች ናቸው፣ አንድ ማታ ቢለማመዱት ይበቃቸው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ፔይሮል ስሪ። ደግሞ በአዲሱ ስሌት፣ ካምፓስ የተማርሽው 600 ብር ድረስ ነፃ የሚለው ቀርቷል፣ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በአዋጅ 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነው እስከ 2,000 ብር ነው፣ ከዛ 15 ከመቶ ብሎ ይጀምርና ከ14,000 በላይ ላለው 35 ይደርሳል። ለምሳሌ ግሮስ (ምንም ሳይቆረጥ) 10,000 ብር፣ ሁሉም መሰረታዊ ደሞዝ ነው ቢሉሽ፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ላለው 300፣ እስከ 7,000 ላለው በ20 ከመቶ 600፣ እስከ 10,000 ላለው በ25 ከመቶ 750፣ ድምሩ 1,650 ብር ግብር። ጡረታ ከሰራተኛዋ 7 ከመቶ ማለትም 700፣ እጇ ላይ የሚደርሰው 7,650። ድርጅቱ ከራሱ የሚጨምረውን 11 ከመቶ (እዚህ ላይ 1,100) ከሰራተኛዋ ደሞዝ እንዳትቀንሺው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። ከዛ ጆርናሉን (የሂሳብ ምዝገባውን) በዴቢትና ክሬዲት ፃፊው፣ ማስላት ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛው ባንክ ሪኮንሲሌሽን ነው፣ የባንኩን ሂሳብ ከኛ መዝገብ ጋር ማስታረቅ ማለት ነው። የባንኩ ስቴትመንትና የኛ መዝገብ ለምን አይገጥምም ሲሉሽ ቼክ ፅፈን ሰውየው ገና አላወጣውም፣ ባንኩ ሰርቪስ ቻርጅ ቆርጦ እኛ አልመዘገብንም እያልሽ በራስሽ አፍ አስረጂ። ፔቲ ካሽ (ለትናንሽ ወጪ የሚያዝ ጥሬ ገንዘብ) ደግሞ ቀላል ነው።

አንድ እኔ ሁሌ የምጠይቀው አለ፣ ማናጀሩ ደረሰኝ የሌለው ወጪ መዝግቢ ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ የሚል። እሺ ብዬ እመዘግባለሁ ያለችም፣ በፍፁም ብላ የጮኸችም አታሳምነኝም። ደረሰኙን እጠይቃለሁ፣ ከሌለ ገቢዎች ወጪውን ስለማይቀበለን ድርጅቱ ግብር እንደሚከፍልበት ቀድሜ እነግረዋለሁ ያለች ልጅ ግን ስራው ገብቷታል።

እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ በአማርኛ ልቀጥል ወይ ብለሽ በጨዋ ደንብ ጠይቂ፣ እኛ ጋር ማንም አይከፋውም፣ ተንተባትቦ ከመጥፋት መቶ እጥፍ ይሻላል። አፓረንት (የተግባር ልምምድ) የወጣሽበትን መስሪያ ቤትም አትናቂው፣ ቫውቸር (የክፍያ ሰነድ) ፋይል ከማድረግ በቀር ምንም ባይሰጡሽ እንኳን ፋይሉን በምን ቅደም ተከተል እንደምታስቀምጪ ንገሪያቸው፣ ያልሰራሽውን ግን ሰርቻለሁ እንዳትዪ፣ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌሩን) እችላለሁ ካልሽ ኮምፒውተሩን ከፍተው ያስቀምጡሻል።

ደሞዝ ስንት ትፈልጊያለሽ ሲሉሽ በድርጅቱ ስኬል ብለሽ ዝም አትበይ። ቁጥር ጥሪ፣ ግሮስ ይሁን ኔት (እጅ ላይ የሚደርሰው) ለይተሽ፣ የትራንስፖርት አበል መኖሩንም ጠይቂ፣ ይሄን ለይታ የጠየቀች የፋይናንስ ሰው መሆኗ ያስታውቃል።

ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የኤግዚት ኤግዛም ውጤት፣ ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም ያዢ። ዋስም ከአሁኑ አናግሪ፣ ገንዘብ የሚነካ ስራ ላይ ብዙ ድርጅት ደሞዝተኛ ዋስ ይጠይቃል፣ ካለፍሽ በኋላ መፈለግ ስትጀምሪ ቀኑ ያልፍብሻል። የዋሱ መስሪያ ቤት ደሞዙን የሚገልፅ ደብዳቤ ለመፃፍ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ዘመድሽን ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂው።