ከማጣበቃችሁ በፊት

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ በሌላውም የጎጃም ከተማ ወረቀት እየቆረጣችሁ ሥዕል ለምትሠሩ ልጆቼ፤

ሥዕል ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራቸውን ይዘው ወደ ቤቴ የሚመጡ ወጣቶች በርክተዋል። ብዙዎቹ የሚያሳዩኝ በቀለም የተሣለ ሥዕል ሳይሆን ከመጽሔት፣ ከፎቶግራፍ፣ ከጨርቅና ከማዳበሪያ ከረጢት ተቆርጦ የተለጠፈ፣ ኮላዥ የምንለውን ሥራ ነው። ይህ ከልብ ደስ ያሰኘኛል። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚያሳዩኝ ሙጫው ከደረቀ በኋላ ስለሆነ፣ የምሰጣቸው ሐሳብ የሚጠቅምበት ጊዜ ያልፋል። ይህን የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

ኮላዥን ያወቅሁት ስሙን ከመስማቴ በፊት በእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። እናቴ ለዘመን መለወጫ የፉርኖ ዱቄት በውኃ በጥብጣ፣ እሳት ላይ እያማሰለች እንደ ቀጭን አጥሚት ካደረገችው በኋላ፣ በጭቃ የተመረገውን ግድግዳ በአሮጌ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ትለብጠው ነበር። ፊደል ስላልቆጠረች አንዳንዱን ገጽ ዘቅዝቃ ትለጥፈዋለች። እኔም አንገቴን አጣምሜ የአንዱን ዜና ጅራት ከሌላው ራስ ጋር እያጋጠምሁ ማንበብ ለመድሁ፤ ስለ እህል ዋጋ የጀመረው ዐምድ በእግር ኳስ ውጤት ያልቃል። ከብዙ ዓመት በኋላ ግድግዳው ሊፈርስ ሲል በምላጭ አንድ ክንድ ያህል ቆርጬ አወጣሁ። የየዓመቱ ጋዜጣ እንደ እንጀራ ተደራርቦ፣ ላዩ ብርሃን መትቶት ሻይ መስሎ፣ ብርሃን ያልደረሰበት ውስጡ ግን ገና ነጣ ብሎ ነበር። ዛሬም እጄ ላይ አለ።

ሥዕልን መለጠፍ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ብትሳለሙ፣ የመቅደሱን ዙሪያ የሸፈኑት ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ከግድግዳው ጋር እንደተጣበቁ ታያላችሁ። ሆኖም እዚያ የሚለጠፈው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። ኮላዥ የሚባለው ግን ለሌላ ጉዳይ የተሠራ ነገር ከቦታው ተነሥቶ ከማያውቀው ነገር ጎን ሲቀመጥና ሁለቱ አንድ ላይ ሌላ ነገር ሲናገሩ ነው። ስፔናዊው ሠዓሊ ፓብሎ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የወንበር ስፌት የታተመበትን የዘይት ጨርቅ፣ ማለትም ውኃ እንዳያስገባ ዘይት የተቀባ ጨርቅ፣ ሥዕሉ ላይ ለጠፈ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦርዥ ብራክ እንጨት እንዲመስል የታተመ የግድግዳ ወረቀት በፈረንሳይ ከምትገኘው ከአቪኞን ከተማ ሱቅ ገዝቶ ቆርጦ አጣበቀ። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ በየጊዜው እያዩ የሚሠሩ ባልንጀሮች ነበሩ፤ ይህ ጥበብ በአንድ ሰው ብቻ የተወለደ አይመስለኝም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮማሪ ቢርደንም እ.ኤ.አ. በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ ስፓይራል የተባለውን የጥቁር ሠዓልያን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው። አንድ ኮላዥ አብረን እንሥራ ብሎ ባልንጀሮቹን ጠየቀ፤ ሐሳቡ አልገፋም፤ እርሱ ግን በዚያ ምክንያት የጀመረውን መቀጠሉ ስሙ የሚጠራበትን ሥራ አስገኘለት።

የእኛም የቅኔ ቤት ይህን ያውቃል። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲደርስ፣ ብቻውን ነው፤ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተከናንቦ ይቀመጣል። የቆጠረውን ግን ለየኔታ ሳይነግር ቅኔዬ ሞላ አይልም፤ የኔታ ያርማሉ፣ ጓደኞቹ ይሰማሉ፣ ያልተቃናው ቤት፣ ማለትም ስንኙ፣ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ይህ ለየኔታ መንገር ነገራ ይባላል። የኮላዥም ነገራ ሊደረግ የሚገባው ቁርጥራጩ በሰሌዳው ላይ ተደርድሮ፣ ገና ሳይጣበቅ፣ በጣት ሲገፉት በሚንሸራተትበት ጊዜ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራዬን ለማንም ሳላሳይ በአንድ ሌሊት አጣብቄ ጨረስሁ። እንስራ ያዘለች ሴት ፎቶግራፍ ነበረችኝ፤ ፊቷ ወደ ቀኝ የዞረ ሲሆን፣ እኔም በቀኙ ጠርዝ አጠገብ ለጠፍኋት። ጠዋት አንድ የሥራ ባልደረባዬ መጥቶ ጥቂት አየና፣ «ይህች ሴት ዓይኔን ይዛው ትወጣለች፤ በግራ በኩል ብትሆን ኖሮ ወደ መካከል ታስገባኝ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነበር። ልነቅላት ስሞክር ፊቷ ለሁለት ተቀደደ። ካርቶኑም በአንድ ወገን ብቻ ስለተለጠፈበት፣ እርጥብ ወረቀት ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተቆልምሞ አደረ። በጀርባውም እኩል ወረቀት ብለጥፍበት ኖሮ መጎተቱ ተመጣጥኖ ቀጥ ባለ ነበር። የዱቄት ማጣበቂያንም በረሮና አይጥ ስለሚወዱት፣ እንዲቆይ ለምትፈልጉት ሥራ ነጩን ኮላ ተጠቀሙ፤ በስሱ ቀቡ፣ ከመካከል ወደ ዳር በንጹሕ ጨርቅ እያበሳችሁ አየሩን አውጡ።

ዛሬ በየአገሩ ኮላዥ የሚሠሩ ሰዎች ቁርጥራጭ በፖስታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው እንዲጨርሰው ይላላካሉ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በፈረንጆቹ ሜይ ወር ሁለተኛ ቅዳሜ፣ በእኛ የግንቦት ልደታ ሰሞን፣ የዓለም የኮላዥ ቀን ይከበራል። እናንተም ይህን የቁርጥራጭ ልውውጥ ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ አንድ ፖስታ ብቻ ነው። የሞጣው ልጅ የልብስ ሰፊ ቤት ቅዳጅ፣ የፍኖተ ሰላሟ ልጅ የሠርግ ጥሪና የሎተሪ ቲኬት፣ የቡሬው የእህል ከረጢት ጽሑፍ ቢላላኩ፣ አንዱ ከሰፈሩ የማያገኘውን ከሌላው ያገኛል። የአገራችን ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሚሰበሰብ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር አካል ዓለም የሚያውቀውን ሥራ ሲሠራ፣ በአጠገባችን ያለው ነገር የሚበቃ መሆኑን አሳይቶናል። የፈረንጅ መጽሔት አጣሁ ብላችሁ ሥራ እንዳታቆሙ የምለምናችሁም ለዚህ ነው።

የሰው ፎቶግራፍ ስትወስዱ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ፎቶግራፍም ባለቤት እንዳለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይደነግጋል፤ ሥራችሁን ልትሸጡ ካሰባችሁ ያነሣውን ሰው ፈልጋችሁ አስፈቅዱ።

ያ የእናቴ ግድግዳ ቁራጭ አሁን ከጠረጴዛዬ ላይ፣ በሰሌዳ መካከል ተቀምጧል። ዙሪያውን የአሮጌ ነጠላ ጥለት፣ የአውቶቡስ ቲኬትና የደብተር ልባስ ደርድሬበታለሁ፤ አንዱም አልተጣበቀም። ከታች በቀኝ በኩል መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ አለ፤ ለእርሱ የሚሆነውን እስካሁን አላገኘሁም። ስትመጡ ቁርጥራጫችሁን ያዙና ኑ፤ እናንተም በጣታችሁ እየገፋችሁ ሞክሩት።