«እኛን ማን ብሎ ሃክ ያደርገናል?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። አራት ኮምፒውተር አለን፣ የሁሉም ፓስወርድ አንድ ነው፣ የሂሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪውም ክራክ (ሳይገዛ የተጫነ) ነው። ፍላሻችን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ በመጣ ቁጥር ፎልደሮቹ ሾርትከት ይሆናሉ። ለአለቃዬ ስነግረው «እኛን ማን ብሎ ሃክ ያደርገናል፣ ባንክ አይደለን» ብሎ ይስቃል። በከንቱ ነው እንዴ የምፈራው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ በከንቱ አይደለም። አለቃሽ አንድ ሌባ ቁጭ ብሎ የእናንተን ድርጅት የሚመርጥ መስሎታል፣ አብዛኛው ጥቃት ግን እንደዛ አይደለም፣ ፕሮግራሙ ራሱ ኢንተርኔት ላይ እየዞረ ያልተዘጋ ነገር ይፈልጋል፣ ባንክ ይሁን የሚስማር መጋዘን ጉዳዩ አይደለም። ግንቦት 2009 ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻ ብር የሚጠይቅ ቫይረስ) በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒውተር ሲቆልፍ እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች የበሽተኛ ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደርሰው ነበር። የሚያናድደው ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን አፕዴት መጋቢት ላይ ለቆት ነበር፣ ብዙው ሰው አልጫነውም እንጂ። እኛ ጋር ደግሞ «ዳታ ይበላል» ተብሎ አፕዴት ይጠፋል! ዊንዶውስ 10 ከሆነ የምትጠቀሙት መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ማሽኑ ከቻለ ወደ 11 ቀይሩት።

ሾርትከት የሆነው ነገር ቫይረስ ነው፣ ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ አልጠፉም ተደብቀው ነው፣ ስለዚህ ሾርትከቱን ሳትነኪ መጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ስካን አድርጊው። ደሴ ፒያሳም ይሁን እናንተ ጋር የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የስንቱ ፍላሽ እንደሚሰካ አስቢው እስቲ። ፕሪንት የሚደረገውን ፒዲኤፍ አድርገሽ በቴሌግራም ላኪላቸው (የደሞዝ ሊስት ካልሆነ በቀር፣ እሱን ቢሮ ፕሪንት አድርጉት)። ክራክ የሚጭንላችሁ ልጅ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉት» ካለ እኔ ብሆን እዛው አስቆመዋለሁ፣ ምን እየገባ እንደሆነ የሚያይ የለማ። ፓስወርዱን ለየሰዉ ለዩት፣ ብር አይጠይቅም።

ዋናው ግን ባክአፕ ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙና ቅዳሜ ቅዳሜ የፒችትሪውን ዳታ ገልብጠሽ ንቀይው፣ እንደተሰካ ከዋለ ራንሰምዌሩ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። ለአለቃሽ ስለ ሃከር ምናምን አታውሪለት፣ «ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩ ባይከፈት ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት በምን እናውቃለን?» በይው፣ የሃርድ ዲስኩን ብር ያወጣል።