የካርቶን ጌም ገንዘብ ይወጣበታል ወይ? ስለ ኒንቴንዶ ላቦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «ይሄ የካርቶን ጌም ይገዛ ወይስ ይቅር?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በዝቶብኛል፤ ለየብቻ ከመመለስ እዚሁ ይሻላል ብዬ ነው። አራቱንም ዋና ኪቶች ከእህቴ ልጆች ጋር ሠርተናቸዋል። ለማያውቀው፦ ላቦ የጌም ኩባንያው ኒንቴንዶ ስዊች ለሚባለው የጌም ማጫወቻው (ኮንሶሉ) በ2018 ያወጣው የካርቶን ጌም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሳጥኑ ውስጥ ቀድሞ የተቆረጠ የካርቶን ሉህ፣ ክር፣ ላስቲክ፣ የሚያብረቀርቅ ተለጣፊና የጌሙ ካርድ አለ። ካርቶኑን ፈልቅቆ፣ አጥፎ፣ ሰካክቶ ፒያኖ ወይም የዓሣ ማጥመጃ መሥራት ነው። ከዚያ የስዊቹን መቆጣጠሪያ፣ ጆይኮን የሚሉትን፣ ውስጡ ሻጥ አድርጎ መጫወት። መቀስም ማስቲሽም አያስፈልግም። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ንገረን፤ ይገዛ አይገዛ?

መልስ፦ ጌም ፍለጋ ከሆነ አይገዛ። ዓሣ ማጥመዱ ያስቃል፣ ሞተር ሳይክሉ ደስ ይላል፣ ግን ሁሉም ላይ ላዩን ነው፤ ትንሽ ቀን ተጫውተውበት ልጆቹ ወደለመዱት ጌም ይመለሳሉ። ገንዘቡ የሚካካሰው ካርቶኑን ስትሠራው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከልጅህ ጋር ወለል ላይ ተቀምጠህ የምትሠራ ከሆነ ግዛ። ለልጁ ሰጥተህ አንተ ስልክህ ላይ የምታፈጥ ከሆነ ብርህን ያዝ።

ጥያቄ፦ ካርቶን በ70 ዶላር? ዘረፋ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሳቄን አመጣኸው። ሲወጣ የመጀመሪያው ኪት፣ ቫራይቲ የሚባለው፣ 70 ዶላር ነበር። የሮቦቱ 80። ትልልቆቹ የስዊች ጌሞች ያኔ 60 ነበሩ፣ ስለዚህ ለካርቶኑ የተጨመረው ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ሒሳቡ የሚያስኬደው ጌሙ ብቻውን 60 ቢያወጣ ነበር፤ አያወጣም። እኔ በሙሉ ዋጋ አልገዛም። ኒንቴንዶ አዲስ ኪት ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፣ የመጨረሻው በ2019 የወጣው የቪአር (በመነጽር የሚታይ ምናባዊ ዓለም) ኪት ነው፣ ስለዚህ አሁን ዋጋ የሚቆርጠው ሻጩ ነው። ከግማሽ በታች ካገኘህ አታመንታ። «ብርቅ ነው» ብሎ ከዱሮው ዋጋ በላይ የሚጠራብህን ግን እለፈው።

ጥያቄ፦ የ8 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉኝ። የትኛውን ልግዛላቸው?

መልስ፦ ቫራይቲውን፣ እህቴ። አምስት ዓይነት ነገር ይሠራበታል፦ በንዝረት የምትሄድ ትንሽ መኪና፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ ቤት፣ ሞተር ሳይክል፣ ፒያኖ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ስለሚሄድ ትንሹ በመኪናዋ ይጀምራል፣ ትልቁ ፒያኖው ላይ ይጠመዳል። የመኪናዋ ካርቶን ሁለት ነው፣ ግን ሁለቱን ለማሽቀዳደም ሌላ ጥንድ ጆይኮን ያስፈልጋል፤ ይሄን ቀድመሽ ንገሪያቸው።

የሮቦቱ ኪት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በጀርባ የሚታዘል ሳጥን። አሠራሩ ድንቅ ነው፦ ከእጅና ከእግር የሚነሳው ክር ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን የካርቶን ቁራጮች ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ጆይኮኑ ላይ ያለው ካሜራ ያንን ያያል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሮቦት ይራመዳል፣ ቡጢ ይሰነዝራል። ከዚያ በኋላ ግን ያለው ከተማ ማፍረስ ነው። ሰፊ ሳሎን ይፈልጋል፣ ደግሞ አንዱ አዝሎት ሌላው ተራ ሲጠብቅ ያለው ጭቅጭቅ አይጣል ነው። ለሁለት ልጅ አልመክርም።

የተሽከርካሪው ኪት፣ መሪና ፔዳል ያለው፣ በጌምነቱ ከሁሉም ይበልጣል። ከመኪና ወደ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላን ወደ ባሕር ሰርጓጅ እየቀያየሩ ይነዱበታል። መሪው ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ የሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ጌም ላይም ይሠራል። ሁለተኛ ከገዛሽ እሱን ግዢ።

ጥያቄ፦ ግን ካርቶን የተጫንኩትን ቁልፍ በምን ያውቃል? ሽቦ አለው?

መልስ፦ ላቦን የወደድኩት ለዚህ ነው። ፒያኖውን ውሰድ። 13 ቁልፍ አለው፣ ከየቁልፉ ኋላ የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ይለጠፋል። የቀኙ ጆይኮን ታችኛው ጫፉ ላይ ኢንፍራሬድ ካሜራ፣ ማለትም ለዓይናችን በማይታይ ብርሃን የሚያይ ካሜራ አለው፤ እሱን ከፒያኖው ጀርባ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገህ ትሻጠዋለህ። አንዱን ቁልፍ ከፊት ስትጫነው ከኋላ ከፍ ይላል፣ ተለጣፊው ካሜራው ፊት ብቅ ይላል፣ በጨለማው ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ትበራለች። ነጥቧ የት ቦታ ላይ እንዳለች ጌሙ ያውቃል፣ የዚያን ቁልፍ ድምፅ ያወጣል። በቃ ይሄው ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሽቦ የለ፣ ባትሪ የለ። ደስ የሚለው ደግሞ ጌሙ ምስጢሩን አይደብቅም፤ ካሜራው የሚያየውን በስክሪን ያሳይሃል፣ ቁልፉን ስትጫን ነጥቧ ስትወጣ፣ ስትለቅ ስትገባ ታያለህ። ልጅ ይሄን ካየ በኋላ ነው ጥያቄው የሚጀምረው።

መኪናዋም ጎማ የላትም። ግራና ቀኝ የተሻጡት ጆይኮኖች እየተንቀጠቀጡ ነው የሚያስኬዷት፤ የሁለቱን ንዝረት በማበላለጥ ትዞራለች።

ጥያቄ፦ ሠርቶ ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ መኪናዋ 10 ደቂቃ። ማጥመጃውና ሞተር ሳይክሉ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ፒያኖው ሦስት፣ ሮቦቱ እስከ አራት። ፒያኖውን በአንድ ቁጭታ ልጨርስ ካላችሁ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይነጫነጫል። ለሁለት ቀን ክፈሉት።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና አምስት ዓመቷ ነው፣ ይከብዳት ይሆን?

መልስ፦ ብቻዋን አትችለውም። አጠገቧ ከሆንክ ግን ካርቶኑን መፈልቀቅና ተለጣፊ መለጠፍ የእሷ ሥራ ይሁን፣ ማጠፉ ያንተ። ቤቱ ለትንንሾች ጥሩ ነው፤ ውስጡ ያለችውን እንስሳ ይንከባከቧታል። ቪአሩን ግን አትስጣት፣ ኒንቴንዶ ራሱ ከ7 ዓመት በታች ላሉ አይሁን ይላል።

ጥያቄ፦ ስዊች ላይት ነው ያለን። ወይስ ስዊች 2 ገዝተን እሱ ላይ እንጫወት?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። የላይቱ መቆጣጠሪያ ከስክሪኑ አይነቀልም፣ ላቦ ደግሞ መንቀልና መሻጥ ነው ሥራው። የስዊች 2 አዲሶቹ ጆይኮኖች ኢንፍራሬድ ካሜራ የላቸውም፤ ኮንሶሉም ስለሚተልቅ ለድሮው የተለካው ካርቶን አይገጥመውም። የሚያስፈልጋችሁ የ2017ቱ ዓይነት ተራው ስዊች ነው። እሱ ከሌላችሁና ለላቦ ብላችሁ ኮንሶል ልትገዙ ከሆነ፣ ኧረ ተዉት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ ይምጣ ወይ? ልጆቹ እንግሊዝኛ ብዙም አይችሉም።

መልስ፦ እንግሊዝኛው አያሳስብሽ። የአሠራሩ መመሪያ ስክሪን ላይ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው የሚታየው፤ እጥፋቱን በጣት እያዞሩ ከየትም አቅጣጫ ያዩታል፣ ካመለጣቸው ወደኋላ ይመልሱታል። ማንበብ የማይችል ልጅም ይከተለዋል። ቀልዱ ነው የሚያመልጣቸው። የጌሙ ካርድ አገር አይመርጥም። የስዊቹ ኦሪጅናል ቻርጀርም ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሶኬት መቀየሪያ ብቻ በቂ ነው።

ሻንጣውን አስቢበት። ሳጥኑ ጠፍጣፋ ነው ግን ሰፊ ነው፣ ኪሎም ይበላል፣ ወንድምሽ ደግሞ የዘመዱን ሁሉ ዕቃ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ከሳጥኑ አውጥቶ ሉሆቹን ልብስ መሃል ቢያነጥፋቸው ይሻላል፣ እንዳይታጠፉ ብቻ። ክረምት ላይ ደግሞ መሬት ላይ አታስቀምጪው፤ እርጥበት ከገባው ማጠፊያው ይላላል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ካርዱ መኖሩን ጠይቅ። መመሪያውም ጌሙም እሱ ላይ ነው፤ ያለ እሱ የገዛኸው ካርቶን ነው። ቀጥሎ ሉሆቹ ያልተፈለቀቁ መሆናቸውን በፎቶ አሳየኝ በል። የተሠራ ከሆነ አንተ የምትፈልገው ደስታ በሌላ ሰው ቤት አልቋል፣ ዋጋውን በደንብ ቀንስ። ተለጣፊዎቹም ይኑሩ፤ እነሱ ከሌሉ ካሜራው ዕውር ነው።

ጥያቄ፦ ከተቀደደስ?

መልስ፦ ፕላስተር። እውነቴን ነው። ማጠፊያው ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፍበት፣ ይቆያል። የላላ ላስቲክ በማንኛውም ላስቲክ ይቀየራል። አንድ ክፍል ጨርሶ ከሄደ ሌላ ካርቶን ላይ አስቀምጠህ በእርሳስ ዙሪያውን ቅዳና ቁረጥ። ውፍረቱ ግን ተመሳሳይ ይሁን፣ ወፍራም ካርቶን ቀዳዳው ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቤት ካለ ካርቶን ራሴ ብሠራስ? ለምን እከፍላለሁ?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኪቱ ካለህ ጌሙ ውስጥ ቶይኮን ጋራዥ የሚባል ክፍል አለ፣ ብዙ ሰው ሳይከፍተው ነው ኪቱን የሚሸጠው። «ይሄ ሲሆን ያ ይሁን» እያልክ በመስመር ታገናኛለህ። ለምሳሌ መሳቢያ ላይ ተለጣፊ ለጥፈህ፣ ካሜራው ተለጣፊውን ሲያይ ጆይኮኑ ይንቀጥቀጥ ብትለው፣ የብስኩት ሌባ ትይዝበታለህ። እዚህ የደረሰ ልጅ ኪት አያስፈልገውም፣ የጫማ ካርቶን ይበቃዋል።

ስዊች ከሌለህ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሜኪ ሜኪ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ አለች፣ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች፣ ሽቦዋን ካርቶን ላይ ከለጠፍከው ፎይል ጋር ስታገናኘው ፎይሉ የኪቦርድ ቁልፍ ይሆናል። ጌሙን በስክራች ትሠራለህ፤ ለልጆች የተሠራ የፕሮግራም መጻፊያ ነው፣ የተጀመረው ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ነፃ ነው። ኮምፒውተር ላለው ቤት ከላቦ በፊት ይሄን ነው የምመክረው። አሠልቺው ነገር እጅህን ይዞ የሚመራህ መመሪያ የለውም፣ ወላጁም አብሮ መማር አለበት።

ጥያቄ፦ የቪአሩ ኪትስ? መነጽሩ ዓይን ያማል ይባላል።

መልስ፦ የስዊቹ ስክሪን ለሁለት ዓይን ሲከፈል ጥራቱ ይወርዳል፣ ጥቃቅኑ ነጥብ ይታያል። በራስ ላይ የሚታሰርበት ማሰሪያም የለውም፣ በእጅ ይዘህ ነው የምታየው። አጫጭሮቹ ጌሞች ጥሩ ናቸው፣ ተኩሱና ወፏ በተለይ። ዜልዳና ማሪዮ ኦዲሲ በሚባሉት የስዊች ጌሞች ላይ የተጨመረው ቪአር ግን ለስሙ ነው፤ ክንድህ ቀድሞ ይደክማል። ቪአር ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ ከሆነ በስልክ የሚሠራ የካርቶን መነጽር ግዛ፣ ጎግል በ2014 ያስተዋወቀው ዓይነት፣ ዋጋው ኢምንት ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ቀለም ሊቀቡት ይፈልጋሉ፣ ይቀቡት?

መልስ፦ ይቀቡት እንጂ! ሳይታጠፍ በፊት፣ ሉሁ ጠፍጣፋ እያለ። ማርከር ወይም ከለር ይጠቀሙ፤ የውሃ ቀለም ካርቶኑን ያጣምመዋል። ተለጣፊዎቹን ብቻ አይንኩ።