ባዶ ቼክ ላይ የሚያርፍ ፊርማ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር አይለይዎት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ የምእመናን ተወካይ ሆኜ ተመርጬ፣ ከአስተዳዳሪው አባታችንና ከአንድ ሌላ አባል ጋር የባንክ ጣምራ ፈራሚ ነኝ። ሥራዬ መሀል ከተማ ስለሆነ «የሕንፃው ሥራ እንዳይጓተት» ተብዬ ብዙ ቅጠል ባዶ ቼክ ላይ አስቀድሜ ፈርሜያለሁ። አሁን ሲሚንቶውና ፌሮው ከማን፣ በስንት እንደሚገዛ አላውቅም። ገንዘቡን በእጄ አልነካሁም፤ ኃጢአቱ እኔንም ይነካኛል? አባትን መጠየቅስ አለመታዘዝ አይሆንም? ወይስ ለቅቄ ብወጣ ይሻለኛል?

መልስ፦ በእግዚአብሔር የተወደድህ ወንድማችን፣ ነገሩን ከፊርማው እንጀምር። ፊርማ ምስክርነት ነው። ኦሪት ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው ትላለች (ዘዳ. 19፥15)፤ የጣምራ ፊርማም ሐሳብ ይኸው ነው። ስምህ ቼኩ ላይ ሲያርፍ «ይህ ገንዘብ ለዚህ ሰው፣ ለዚህ ሥራ እንደሚከፈል አይቻለሁ» ብለሃል። ባዶ ቼክ ላይ ስትፈርም ግን ያላየኸውን መሰከርህ፤ ምስክሮቹም በቍጥር ሞልተው በእውነት ጎደሉ። ስለዚህ ከገንዘቡ አንድ ሳንቲም ባይጠፋ እንኳ ለንስሐ አባትህ የምትናገረው ነገር አለህ።

ከመሬታቸው ዋጋ ከፊሉን ደብቀው ሙሉውን እንዳመጡ ያስመሰሉትን የሐናንያንና የሚስቱን የሰጲራን ታሪክ አስታውስ። መሬቱን የሸጠው ሐናንያ ነው፤ እርሷ ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ለብቻዋ ገብታ ለብቻዋ ተጠየቀች። የተጠየቀችውም «ስለ ምን ተስማማችሁ?» ተብላ ነው (ሐዋ. 5፥7-9)። ልዩነታችሁ እርሷ እያወቀች መስማማቷ ነው፤ አንተ ደግሞ ላለማወቅ ተስማማህ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለሥራው እውነት ነው። ተጠያቂነት ግን እንደ ሎሚ አይከፋፈልም፤ ሰባት አባላት ሲወስኑ በእያንዳንዱ ላይ የሚወድቀው አንድ ሰባተኛው ሳይሆን ሙሉው ነው።

አንዳንዶች «በይሁዳው ንጉሥ በኢዮአስ ዘመን እኮ ለሠራተኞች የሚከፍሉትን ሰዎች ማንም አይቆጣጠራቸውም ነበር፤ ታማኞች ነበሩና» ይላሉ። ቃሉ አለ (2ኛ ነገ. 12፥15)። ግን ከፍ ብሎ ያለውንም ማንበብ ነው። በንጉሡ በ23ኛው ዓመት የቤተ መቅደሱ ፍራሽ ገና ሳይጠገን ተገኘ። ያን ጊዜ ሣጥን ተቀመጠ፤ ገንዘቡ ሲበዛም የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህኑ አብረው ቆጠሩት። አንዱ ከቤተ መንግሥት፣ አንዱ ከቤተ መቅደስ። እምነት የመጣው ከቆጠራው በኋላ ነው። በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲም፣ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ ያስቀመጠው እንዲሁ ለጌጥ አይደለም።

አሁን በዚህ ሳምንት የምታደርገውን ልንገርህ። ፈርመህ የሰጠኸው ስንት ቅጠል እንደሆነ፣ ስንቱ ወጥቶ ስንቱ እንደቀረ በየቼክ ቁጥሩ ጠይቅ። ያልወጡት በፊትህ ይሰረዙ፤ የተሰረዘው ቅጠል ከጉርዱ (ጥራዙ ላይ ከሚቀረው ቁራጭ) ጋር ተያይዞ ይቀመጥ እንጂ አይቀደድ፣ በኋላ «የት ደረሰ?» መባሉ አይቀርምና። የሚጎድል ቅጠል ካለ በዚያው ቀን ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ባንኩ እንዳይከፍል በደብዳቤ አሳውቁ። የወጡትን ደግሞ ከባንክ ስቴትመንት፣ ከጉርድና ከደረሰኝ ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። ሦስቱ ካልተስማሙ ችግሩ እዚያ ነው። የሥራህ መራቅም መፍትሔ አለው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቋሚ የክፍያ ቀን ይሁን። በሳምንቱ መሀል ለሚመጣ ጥቃቅን ወጪ ጉባኤው ጣሪያውን በቃለ ጉባኤ የወሰነው የእጅ ገንዘብ ይያዝ፤ የፊተኛው ደረሰኝ ሳይቀርብም አይተካ።

ግዢው ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንድ ሰው ፕሮፎርማ (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቦ፣ ገዝቶ፣ ራሱ ሲረከብ ነው። ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ ቢሳሳት የሚያርመው፣ ቢታማ የሚመሰክርለት የለውም። ሦስት ፕሮፎርማ በታሸገ ፖስታ ይምጣ፣ በጉባኤ ፊት ይከፈት፤ ዕቃውን የሚረከበው ሌላ ሰው ይሁን። ተረካቢው መለካት አለበት። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንዱ ቤርጋ (አንዱ ዘንግ) 12 ሜትር ሲሆን ወደ 10.7 ኪሎ ይመዝናል፤ 100 ቤርጋ ከ1,000 ኪሎ በታች ከወረደ ብረቱ ወይ ቀጥኗል ወይ አጥሯል። አሸዋ በሲኖትራክ ሲመጣ የጭነት ሣጥኑን ርዝመት፣ ወርድና የአሸዋውን ከፍታ ለክተህ አባዛ። ሣጥኑ 5.6 በ2.3 ሜትር ቢሆንና 1.2 ሜትር መሙላት የሚገባው 1 ሜትር ላይ ቢቀር፣ በአንድ ጉዞ ከ2.5 ሜትር ኪዩብ በላይ ቀረባችሁ ማለት ነው። በዓይን ሲታይ ሙሉ ይመስላል።

ስለ መታዘዝ ላልከው፦ «ለዋኖቻችሁ ታዘዙ» የሚለው ቃል ራሱ ዋኖቹ፣ ማለትም መሪዎቹ፣ «ስሌትን እንደሚሰጡ» ሆነው የሚተጉ መሆናቸውን ይናገራል (ዕብ. 13፥17)። ስሌት፣ ማለትም ሒሳብ፣ እንዲሰጡ ማገዝ አለመታዘዝ አይደለም። መንገዱ ግን ይጠበቅ፤ ጌታ እንዳዘዘው በመጀመሪያ ለብቻህ፣ ጫማ ስመህ፣ ወረቀትህን ይዘህ ለአባታችን ንገራቸው። ካልሆነ አንድ ወይም ሁለት አባል ይዘህ፤ ከዚያ በሙሉ ጉባኤ ፊት፣ ሐሳብህ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር አድርገህ። በዚያም ካልተፈታ ወደ ክፍለ ከተማው ቤተ ክህነት፣ ከዚያም ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ በፊት በቴሌግራም መለጠፍ ንጹሑን ሰው ከበደለኛው ጋር ማቃጠል ነው።

መልቀቁን አትቸኩልበት። የአርማትያሱ ዮሴፍ የሸንጎ አባል ነበር፤ ወንጌል ከሸንጎው ወጣ ሳይሆን «በምክራቸውና በሥራቸው አልተባበረም» ነው የሚለው (ሉቃ. 23፥51)። ተቃውሞህ በቃለ ጉባኤ እየሰፈረ መቆየት ከቻልህ ቆይ። የግድ ከሆነብህ ደግሞ ርክክብ ሳታደርግ አትውጣ፤ የፈራሚ ለውጥ ደብዳቤ ለባንኩ ገቢ መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም ያረፈበት ቅጂም ይኑርህ። ያ ደብዳቤ ባንኩ እስኪደርስ ድረስ አንተ ቤትህ ተቀምጠህም ፊርማህ መክፈሉን ይቀጥላል።